ውሃው የት ይሄዳል? በወሎ ተዳፋት ላይ የኮሌጅ ሜዳ አሠራርና አያያዝ

ወሎ ውስጥ ሜዳ ተፈልጎ አይገኝም፤ ተቆርጦ ይሠራል። ደሴም ሆነ ወልድያ፣ አንድ ኮሌጅ ለስፖርት የሚሰጠው መሬት ብዙውን ጊዜ ለሕንፃ ያልተመቸው የግቢው ጥግ ነው። ግሬደሩ ይገባል፣ የላይኛውን ጎን ቆርጦ ወደ ታችኛው ይገፋል፣ ሁለት ጎል ይተከላል። በሁለተኛው ክረምት የተቆረጠው ወገን ውሃ ያቁራል፣ የተሞላው ወገን ይሰምጣል። በሦስተኛው ዓመት ሜዳው ከመስከረም እስከ ጥቅምት የዳክዬ መዋኛ፣ ከታኅሣሥ በኋላ ደግሞ የተሰነጠቀ ጡብ ይሆናል።

ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው የክብር ትሪቡን ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ጎርፍ መቀልበሻ፣ ቀጥሎ የሜዳው ተዳፋት፣ ከዚያ የውስጥ ማንጣፈፊያ (ከሜዳው ሥር ውሃ የሚያወጣ ቦይ)፣ ከዚያ ሳር፣ መቀመጫ በመጨረሻ። ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ዓይነት በጀት ያለው ኮሌጅ የለም። እዚህ የሚቀርበው አሠራር ዶማ፣ አካፋ፣ የጥቂት ቀን የማሽን ኪራይና የተማሪ ጉልበት ላለው ግቢ ነው።

የቦታውን ታሪክ መጠየቅ

ሜዳው አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ሥራው የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። የትኛው ወገን ተቆረጠ? የትኛው ተሞላ? በምን ተሞላ? ከኮሌጁ በፊት ቦታው ምን ነበር? መልሱ ያለው ግቢው አጠገብ ከሚኖሩ ሽማግሌዎችና ከጥበቃዎች ዘንድ ነው። የቦታው የድሮ ስም ጨፌ ወይም ምንጭ የሚል ቃል ካለበት፣ ከሥር የሚወጣ ውሃ አለ ብሎ መነሳት ይሻላል፤ ስም የሚያወጣው ሰው ቦታውን በየክረምቱ አይቶታል። ጎግል ኧርዝ ላይ የቀድሞ ዓመታት የሳተላይት ምስሎችን ወደ ኋላ እየመለሱ ማየትም ይቻላል። የድሮ ቦይ ወይም የእርከን መስመር ዛሬ ከተሞላ አፈር ሥር ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ ግን የድሮ መንገዱን አይረሳም።

ቀጥሎ ቢያንስ 6 ቦታ ላይ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ 3 በላይኛው፣ 3 በታችኛው ወገን። የአፈሩ ቀለም በንብርብር ከተቀያየረ፣ ጡብ ስባሪ ወይም ላስቲክ ከወጣ፣ ሙሌት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ባለፈባቸው አካባቢዎች ግን ከመቆፈር በፊት ወታደር ሰፍሮበት ወይም ምሽግ ተቆፍሮበት እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። እንግዳ ብረት ከታየ አይነካም፣ አይረገጥም፤ ሰው ከአካባቢው ይርቃል፣ ለፖሊስ ይነገራል።

አፈሩን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ አፈር አርሶ እንደ ሊጥ ማሸት፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል እየጨመቁ እንደ ጥብጣብ ማውጣት። ጥብጣቡ ሳይበጠስ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ከባድ ዋልካ ነው። ከዚያ 30 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት፤ የመጀመሪያው ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሞልቶ ሰዓት መያዝ። ውሃው በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልቀነሰ፣ ያ መሬት ዝናብ ይጠጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም፤ ዝናቡን በላዩ አንሸራትቶ ማስወጣት ነው ያለው መንገድ።

ዋልካ ላይ አሸዋ ደባልቆ ማረስ በየቦታው የሚሠራ ስህተት ነው። ጥቂት አሸዋ በብዙ ዋልካ ውስጥ ሲገባ የዋልካው ቅንጣት በአሸዋው መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል፤ ሲደርቅ የሚወጣው ከበፊቱ የጠነከረ ነገር ነው። ድብልቁ የሚጠቅመው አሸዋው ከግማሽ አልፎ ወደ 70 በመቶ ሲጠጋ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል አሸዋ የሚገዛ ኮሌጅ ደግሞ አሸዋውን ከላይ ማንጠፍ ይሻለዋል።

ጎርፍ መቀልበሻ

አንድ ሙሉ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ሜትር። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 71,400 ሊትር ውሃ ያርፍበታል። ይህ የራሱ ውሃ ነው፣ ይቻላል። የማይቻለው ከላይ ካለው ተዳፋት የሚመጣው ነው፤ የሜዳውን እጥፍ የሚያህል ስፋት ሁሉ ወደዚያ ሊፈስ ይችላል።

ስለዚህ ከሜዳው በላይ፣ ከተቆረጠው ጠርዝ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። የወሎ ገበሬ በማሳው ራስ ላይ የሚያወጣው ያው ነው። ወለሉ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60፣ ሁለቱ ጎኖች 45 ዲግሪ የተኙ፤ አፉ ወደ 1 ሜትር ከ70 ይሰፋል። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ይሁን። ከዚህ በታች ከሆነ ደለል ይሞላዋል፤ ካለፈ ወለሉን ቦርቡሮ ሸለቆ ይሠራል። ቁልቁለቱ የግድ የሚበዛበት ቦታ ላይ ወለሉ በድንጋይ ይነጠፋል። የተቆፈረው አፈር ሁልጊዜ በታችኛው ወገን ይከመር፤ በላይኛው ከተከመረ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ቦዩ ውስጥ ይከተዋል።

መውጫው የት ነው? ቦዩ የሚያበቃው ተፈጥሯዊ ፈፋ ወይም የከተማ መውረጃ ዘንድ መሆን አለበት፤ የጎረቤት አጥር ሥር ካበቃ የኮሌጁ ችግር የሰው ችግር ሆነ፣ ክሱም ይከተላል። መውጫው ላይ ውሃው ከከፍታ የሚወድቅ ከሆነ ጋቢዮን (ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ሳጥን) ይቀመጥበት።

ሰኔ ሳይገባ ቦዩን መጥረግ የዓመቱ ትልቁ ሥራ ነው። በልግ በሚዘንብበት አካባቢ ደግሞ ጥር መጨረሻ ላይም ይጠረጋል።

የጀርባ አጥንቱ

ጥሩ ሜዳ ለዓይን ለጥ ያለ ይመስላል እንጂ ለጥ ያለ አይደለም። ከመሐል ወደ ሁለቱ ጎን መስመሮች 1 በመቶ ያዘነብላል፤ ከጎል ወደ ጎል የተዘረጋው የመሐል ወገብ ከጎኖቹ 34 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ተጫዋች አይታወቀውም፣ ውሃ ግን ይታወቀዋል።

ይህን ለማውጣት 40 ችካል ይበቃል። በስፋቱ 5 ረድፍ፣ በየ17 ሜትሩ፤ በርዝመቱ 8 መስመር፣ በየ15 ሜትሩ። የ5ቱ ረድፍ ከፍታ ከጎን ጀምሮ 0፣ 17፣ 34፣ 17፣ 0 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀያሽ መሣሪያ ከሌለ 20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የውሃ ጎማ ይሠራል፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ የውሃውን ልክ በችካሉ ላይ ያሰምራል። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ይዋሻል፤ ስለዚህ ከመጀመር በፊት ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን አቁሞ ውሃው እኩል መቆሙን ማየት። በየ10 ችካሉ ወደ መነሻው ተመልሶ ማረጋገጥም አይዘለል።

በሙሌቱ ወገን ግሬደሩ አፈሩን በአንዴ ገፍቶ እንዲሞላ መፍቀድ አይገባም። 25 ሴንቲ ሜትር ይነጠፋል፣ ይረጠባል፣ በሮሎ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ሌላ 25። የእርጥበቱ ልክ በእጅ ይታወቃል፦ የተጨበጠ አፈር ቅርጹን ይዞ ሲቆይና መዳፍ ላይ ውሃ ሳይተው ሲቀር ልክ ነው። ይህን ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ጨርሶ፣ ሙሌቱን አንድ ክረምት ዝናብ አስመትቶ፣ የሰመጠውን ሞልቶ ሳር መትከል ከሁሉም ይሻላል። ብዙ ኮሌጅ ይህን አንድ ዓመት መጠበቅ አይችልም፤ የምረቃ ቀን ተቆርጧላ።

የውስጥ ማንጣፈፊያ

አፈሩ ከባድ ዋልካ ከሆነ ተዳፋቱ ብቻውን አይበቃም። ከመሐል ወገቡ ወደ ሁለቱ ጎን በየ7 ሜትሩ ቀጭን ቦይ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ወገን 15፣ እያንዳንዱ 34 ሜትር፣ ድምሩ 1,020 ሜትር። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60። የላይኛው መሬት 1 በመቶ ካዘነበለ በኋላ ቦዩን ከላይ እስከ ታች እኩል 60 አድርጎ መቆፈር ብቻ ይበቃል፤ ቁልቁለቱ በራሱ ይመጣል።

ከሥር 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ያለው የፒቪሲ ቱቦ ይተኛል። ከዚያ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የታጠበ ጠጠር ከታች 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ የቀረው 15 ሴንቲ ሜትር ሻካራ የወንዝ አሸዋ። ጠጠሩ 85 ሜትር ኩብ ገደማ፣ አሸዋው 31 ነው፤ በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና 6 ቢያጆ ጠጠርና 2 ቢያጆ አሸዋ። ገንዘብ ካነሰ ቱቦው ሊቀር ይችላል፣ ጠጠሩ ብቻውን ውሃ ያሳልፋል፤ የማይቀረው አሸዋው ነው። አሸዋው እስከ ሜዳው ፊት ድረስ መውጣት አለበት። ሠራተኛው "ያምራል" ብሎ ከላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ዋልካ ካለበሰው፣ ያ 5 ሴንቲ ሜትር እንደ ክዳን ሆኖ 1,020 ሜትሩን ቦይ ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ከዓመት በኋላ "ማንጣፈፊያ ተሠርቶልን ነበር፣ አልሠራም" የሚባለው በብዛት በዚህ ምክንያት ነው።

ቱቦዎቹ በጎን መስመሩ ውጪ ካለ ዋና ቦይ ይገናኛሉ፤ ዋናው ቦይ ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፣ ክፍት ከሆነ ይከደን።

ቅየሳና መስመር

አቀማመጡ ቢቻል ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ሜዳ ላይ አንዱ በረኛ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ነው።

መሬቱ ለ105 በ68 ካልበቃ ማሳነስ ነውር የለውም፤ የጨዋታው ሕግ ርዝመቱን ከ90 እስከ 120፣ ስፋቱን ከ45 እስከ 90 ሜትር ይፈቅዳል። የሚከለከለው ከመስመሩ ውጪ ያለውን 3 ሜትር ባዶ ቦታ ቆርሶ ሜዳውን ማስፋት ነው፤ እየሮጠ የወጣ ልጅ የሚቆምበት ቦታ ያጣል፣ ግንብ ወይም ቦይ ያገኘዋል።

ማዕዘን በዓይን አይያዝም። ከማዕዘኑ ችካል በአንዱ መስመር 30 ሜትር፣ በሌላው 40 ሜትር ለክቶ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ልክ 50 ሜትር ሲመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ነው። 4ቱም ካለቁ በኋላ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚሄዱት ሁለቱ ሰያፍ መስመሮች ይለካሉ፤ ለ105 በ68 እያንዳንዳቸው 125 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር መሆን አለባቸው። ሲባጎው ሲወጠር ሳር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይጎብጥ፣ ሜትሩም የብረት ይሁን፤ የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል።

የጎሉ ስፋት በቋሚዎቹ ውስጠኛ ጠርዝ 7 ሜትር ከ32፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው የታች ጠርዝ 2 ሜትር ከ44 ነው። ከእያንዳንዱ ቋሚ ውስጠኛ ጠርዝ 5 ሜትር ተኩል ወደ ጎን ሲወጣ ትንሹ ሳጥን 18.32 ሜትር ይሰፋል፣ 16 ሜትር ተኩል ሲወጣ ትልቁ ሳጥን 40.32። የፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ 11 ሜትር ላይ ነው፤ ከዚያ ነጥብ በ9 ሜትር ከ15 ገመድ ከሳጥኑ ውጪ ያለው ቅስት ይሰመራል። የመሐል ክቡም ያው 9 ሜትር ከ15 ነው። የማዕዘኑ ቅስት 1 ሜትር፣ ባንዲራው ከ1 ሜትር ተኩል ያላጠረ። የመስመሩ ውፍረት ከ12 ሴንቲ ሜትር አይለፍ።

የሜዳው መስመር ሁሉ ተደምሮ 717 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 72 ካሬ ሜትር የሚቀባ ማለት ነው፣ ቀለም ሲገዛ ይህ ቁጥር ይያዝ። ኖራ መጠቀም የተለመደ ነው፣ ግን ያልጠፋ (በውሃ ያልበረደ) ኖራ በጭራሽ አይሁን። ላብ ወይም ዝናብ ሲያገኘው ይፈላል፤ ተንሸራቶ የወደቀ ተጫዋች ጉልበት ይልጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። የጠፋው ኖራም ቢሆን ያቃጥላል። በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም ውድ ቢመስልም ረጅም ቀን ይቆያል፣ ማንንም አይጎዳም።

ጎሉ የባሕር ዛፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ነው። ከላይ ደህና መስሎ አንድ ቀን ልጅ ሲንጠለጠልበት ይሰበራል። ምስጥ በሚበዛበት ቆላማ ወገን ይህ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደርሳል። ባለ 4 ኢንች የብረት ቱቦ ይሻላል። ቋሚው በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ አይቀበር፤ ሰፋ ያለ ቱቦ 80 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች በኮንክሪት ተተክሎ፣ ቋሚው በውስጡ ይሰካ። በዚያ መንገድ ሲታጠፍ ይነቀላል፣ ይቃናል፣ ይመለሳል። የሚንቀሳቀስ ጎል ካለ ከኋላ በብረት ካስማ መሬት ላይ ሳይታሰር አንድ ልምምድ እንኳ አይሠራበት፤ ተገልብጦ የሚወድቅ ጎል ይገድላል።

ሳሩ

ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በመኪና ሩቅ መንገድ ባይሆንም ለሳር ሁለት አገር ናቸው። ለኮምቦልቻ ሰርዶን የሚወዳደር የለም፤ ይረገጣል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። ደሴ ላይ ሰርዶ ይበቅላል፣ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ገርጥቶ ይቆማል፤ የሞተ መስሎት የሚያርሰው አለ፣ አልሞተም። ኪኩዩ የሚባለው ሳር የደጋውን ብርድ የተሻለ ይችላል፤ በምላሹ ቦዩን ሁሉ ወርሮ ስለሚደፍን በየወሩ ጠርዙ መቆረጥ አለበት።

ዘር መግዛት አያስፈልግም። ሰርዶ ከመንገድ ዳር ተነቅሎ፣ 3 ወይም 4 አንጓ ያለው ሐረግ እየተቆረጠ፣ በመስመሮች መካከል 30፣ በሐረጎች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ተጠብቆ ይተከላል። ሁለት ሦስተኛው ይቀበራል፣ ጫፉ ይወጣል፣ በእግር ይረገጣል። ለሙሉ ሜዳ 120 ሺህ ሐረግ ገደማ ይፈልጋል። የተነቀለው ሳር ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ከዋለ አለቀለት፤ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ይቆይና በዕለቱ ይተከል። ጊዜው ሐምሌ መጀመሪያ ነው፦ ዝናቡ ጸንቷል፣ ተማሪውም ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጥቅምት ሲገባ መሬቱን ይሸፍናል፤ ደሴ ላይ እስከ በልጉ ሳይጫወቱበት መታገስ ያስፈልጋል።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ለአንድ ካሬ ሜትር 11 ግራም፣ ለሙሉ ሜዳ ወደ 80 ኪሎ፤ ሥር ከያዘ በኋላ በዕድገት ወራቱ በየ6 ሳምንቱ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ወይም ውሃ ሊጠጣ ሲል ብቻ ይበተን፤ በደረቅ ሳር ላይ ያደረ ዩሪያ ያቃጥለዋል፣ በእፍኝ የተዘራበት መንገድም ቢጫ መስመር ሆኖ ይታያል። አጨዳው በ3 እና በ4 ሴንቲ ሜትር መካከል ይቁም፤ በአንድ ጊዜ ከርዝመቱ ሲሶ በላይ አይቆረጥ።

በግና ፍየል በበጋ ብዙ አይጎዱም። ከብት በእርጥብ ሜዳ ላይ ግን አንድ ጠዋት ቢውል የኮቴው ጉድጓድ እስከ ፋሲካ ይታያል።

የመሮጫው ክብ

በሜዳው ዙሪያ የ400 ሜትር የመሮጫ ክብ የሚያስምር ካለ፣ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀጥታው 84.39 ሜትር፣ የመታጠፊያው ውስጠኛ ሬዲየስ 36.50፣ የአንዱ መም (የአንድ ሯጭ መስመር) ስፋት 1.22። 400 የሚሞላው ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ በሚታሰብ መስመር ሲለካ ነው፤ ጠርዙ ላይ የለካ ሰው 398 ሜትር ከ12 ብቻ ያገኝና "ቅየሳው ተሳስቷል" ብሎ ትክክለኛውን ያበላሻል። ለ400 ሜትር ሩጫ መም 2 በ7.04፣ መም 3 በ14.70፣ መም 4 በ22.37 ሜትር ወደ ፊት ይነሳሉ። የዕለት ልምምድ ከመም 1 ውጪ ይሁን፤ ሁሉም ውስጥ ውስጡን ስለሚሮጥ እዚያ ቦይ ይወጣና ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል።

መቀመጫ

ተዳፋት መሬት አንድ ውለታ ይውላል፦ የተቆረጠው ወገን ራሱ ትሪቡን ነው። ደረጃው 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሆኖ በድንጋይ ይካባል፤ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ ጎን ጫፎቹ በጥቂቱ ያዘንብል፣ አለዚያ የደረጃው ውሃ ሁሉ ሜዳው ላይ ይወርዳል። ለአንድ ሰው 50 ሴንቲ ሜትር ከተያዘ፣ 60 ሜትር ርዝመት ያለው 8 ረድፍ 960 ሰው ያስቀምጣል። በሙሌቱ ወገን ላይ ግንብ መሥራት ግን፣ ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ በስተቀር፣ ስንጥቅ መግዛት ነው፤ እዚያ አፈሩን አልብሶ ሳር ያበቀለ ቁልቁለት ይበቃል።

ክረምቱና መዝገቡ

በዝናብ ቀን ይጫወታሉ ወይስ አይጫወቱም የሚለውን ተረከዝ ይወስን። ሜዳው መሐል ቆሞ ተረከዝን አጥብቆ መርገጥ፤ በጫማው ዙሪያ ውሃ ብቅ ካለ ዝግ ነው። እርጥብ ዋልካ ሲረገጥ አየርና ውሃ የሚያልፉበት ክፍተት ይደፈጠጣል፣ ሲደርቅ እንደዚያው ይቀራል። አንድ የ90 ደቂቃ ጨዋታ የአንድ ዓመት ሥራ የሚበላው እዚህ ላይ ነው፤ አሠልጣኙ ቢቆጣም ቁልፉ ሜዳውን በሚጠብቀው ሰው እጅ ይቆይ።

የተረገጡ ቦታዎች፣ በተለይ የጎሎቹ አፍ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ በሹል ብረት 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በየስንዝሩ ይወጋሉ፣ ከላይ አሸዋ ይጠረግባቸዋል። ከሜዳው ውጪ 50 ካሬ ሜትር የሳር መደብ ከተያዘ የተላጨው ቦታ ከዚያ በሚቆረጥ ሳር ይጠገናል።

መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር ሁሉ ይረሳል። የቦዮቹ ቦታ፣ የቱቦው ስፋት፣ የተሞላው ወገን፣ ሳሩ የተተከለበት ቀን፣ ዩሪያ የተበተነበት ቀንና መጠን በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ የቦዮቹ ንድፍ ደግሞ ከቋሚ ነገር፣ ከሕንፃ ማዕዘን ወይም ከጎሉ ኮንክሪት፣ በሜትር ተለክቶ ይሣል። "ከዋርካው 12 እርምጃ" አይበቃም፤ ዋርካውም ሊቆረጥ ይችላል። በጦርነቱ የወሎ ተቋማት ብዙ ሰነድ ስላጡ ቅጂው ከአንድ ቢሮ በላይ ይኑር፦ አንዱ ከስፖርት ክፍሉ፣ አንዱ ከግቢ ጥገና፣ ፎቶውም በሁለት ሰው ስልክ። ቀጣዩ ግሬደር ግቢ ውስጥ ሲገባ ለሾፌሩ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ንድፍ ነው።